እሳት የሚያድርበት ሴራሚክ፦ ሲሊከን ካርባይድ፣ ባለ ሦስት አውታር ኅትመትና የሞተር ቃጠሎ

እንጀራ ሲጋገር ቁጭ ብሎ የተመለከተ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ሊጡ የሚፈሰው ምጣዱ በሚገባ ከጋለ በኋላ መሆኑ ነው። ምጣዱ አንዴ ከጋለ እሳቱ ለአፍታ ቢቀንስ እንኳ ሊጡ ይበስላል፤ ዓይንም ያወጣል። ሙቀቱን በሆዱ አጠራቅሞ ለሊጡ የሚያበድረው ሸክላው ነውና። ሁለተኛው፣ በጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የማይደፋ መሆኑ ነው። ውሃ የተደፋበት ምጣድ ጧ ብሎ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ ወዲያ ለእንጀራ አይሆንም።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ጽሑፍ ስለ ሞተር እንጂ ስለ እንጀራ አይደለም። ይሁን እንጂ ባለፉት ሃምሳ ዓመታት የቃጠሎ ተመራማሪዎችን ሲያነጋግር የቆየ አንድ ጥያቄ ከዚህ የማዕድ ቤት ምልከታ ብዙም አይርቅም። በሞተር ሲሊንደር ውስጥ እንደ ምጣድ የጋለ፣ እንደ እንጀራ ዓይናማ የሆነ፣ ነገር ግን እንደ ሸክላ በድንገተኛ የሙቀት ለውጥ የማይሰነጠቅ አካል ብናስቀምጥ ቃጠሎው ምን መልክ ይይዛል? መልሱ ገና አልተጠናቀቀም። እስካሁን የተደረሰበትን ስንመለከት ግን አንድ ቁም ነገር ጎልቶ ይወጣል፤ ይኸውም በዚህ ሥራ የቀዳዳው ቅርጽ ከቁሱ ባሕርይ እኩል ወሳኝ መሆኑ ነው።

የናፍጣ ሞተር አጣብቂኝ

እንደሚታወቀው የናፍጣ ሞተር ነዳጁን የሚለኩስ ካንዴላ የለውም። ፒስተኑ አየሩን ብቻውን ከ15 እስከ 20 እጥፍ ያህል ያምቀዋል። የታመቀው አየር የሙቀት መጠን ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል። በዚያች ቅጽበት ናፍጣው በኖዝሉ በኩል በከፍተኛ ግፊት ይረጫል፤ ያለ ምንም ብልጭታም በራሱ ይቀጣጠላል።

የዚህ አሠራር ድክመት ነዳጁና አየሩ ለመቀላቀል በቂ ጊዜ የማያገኙ መሆናቸው ነው። በደቂቃ 2000 ጊዜ በሚዞር ሞተር ውስጥ ፒስተኑ ከላይ ወደ ታች ለመውረድ የሚፈጅበት ጊዜ 0.015 ሰከንድ ብቻ ነው። በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ የተረጨው ናፍጣ እምብርቱ ላይ አየር ያጥረዋል፤ አየር ያጣው ነዳጅ ደግሞ ወደ ጥላሸት ይለወጣል። በአንጻሩ በዳርቻው ነዳጅና አየር ተመጣጥነው የሚገናኙበት ስስ ቀጠና አለ። እዚያ የሙቀት መጠኑ ከ2000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ያሻቅባል። በዚህ ሙቀት፣ በተለመደው ሁኔታ ከሌላው ጋር በቀላሉ የማይዋሐደው የአየር ናይትሮጅን እንኳ ከኦክስጅን ጋር ይዋሐድና የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ይፈጥራል። የሶቪየቱ ሳይንቲስት ያኮቭ ዜልዶቪች እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ እንዳስረዳው የዚህ ኬሚካዊ ሂደት ፍጥነት ከ1500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እጅግ ይጨምራል።

እንግዲህ አጣብቂኙ እዚህ ላይ ነው። ጥላሸቱ እንዲቃጠል ሙቀቱን ከፍ ብናደርግ የናይትሮጅን ኦክሳይዱ ይበዛል። ኦክሳይዱን ለመቀነስ ቃጠሎውን ብናቀዘቅዝ ጥላሸቱ ይበዛል። አንዱን ቀዳዳ ስንደፍን ሌላው ይከፈታል። ነገሩ የመኪና ጌጥ ጉዳይ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ሞተር ጭስ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትል በማረጋገጥ በአንደኛው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ችግሩ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ለመረዳት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 የተጋለጠውን የቮልስዋገን ቅሌት ማስታወስ ይበቃል። ኩባንያው በፍተሻ ጊዜ ብቻ የናይትሮጅን ኦክሳይዱን ዝቅ የሚያደርግ የኮምፒውተር ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ በ11 ሚሊዮን ያህል መኪኖች ላይ መጫኑን አምኗል።

ታዲያ ከዚህ አጣብቂኝ መውጫ መንገድ አለን? በመርህ ደረጃ አለ። ነዳጁንና አየሩን አስቀድሞ በእኩል ማሰራጨት፣ ከዚያም ቃጠሎውን በጠባብ ነበልባል ሳይሆን በሰፊ ቦታ፣ መካከለኛ በሆነ ሙቀት ማካሄድ ነው። ዓይናማው ሴራሚክ ወደ መድረኩ የሚወጣው ይህን ለማድረግ ነው።

ቀዝቃዛ ቀዳዳና የጋለ ቀዳዳ

ነበልባልና ቀዳዳ የቆየ ታሪክ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1812 በሰሜን እንግሊዝ ፌሊንግ በተባለ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ውስጥ በተነሣ ፍንዳታ ከ90 በላይ ሠራተኞች አለቁ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሰር ሃምፍሪ ዴቪ የማዕድን ሠራተኞችን ፋኖስ በቀጭን የሽቦ ወንፊት ከበበው። በማውጫው ውስጥ የተጠራቀመው ጋዝ በወንፊቱ አልፎ ወደ ፋኖሱ ቢገባም በውስጥ የተነሣው ነበልባል ተመልሶ አይወጣም። ሽቦው ሙቀቱን ስለሚነጥቀው ነበልባሉ በቀዳዳው ውስጥ ይከስማል።

ይህን በቤት ውስጥ መሞከር ይቻላል። ትልቅ ሰው ባለበት ሻማ አብሩና ከብረት የተሠራ የሻይ ማጥለያ ከላይ ወደ ነበልባሉ ቀስ አድርጋችሁ አውርዱ። ጭሱ በወንፊቱ ያልፋል፤ ነበልባሉ ግን እንደተቆረጠ ያህል ከሥር ይቀራል።

ሆኖም የዴቪ ፋኖስ አንድ የታወቀ ድክመት ነበረው። ወንፊቱ ለረጅም ጊዜ ሞቆ ከቀላ ነበልባሉን ማገድ ያቅተዋል። በማዕድን ማውጫ ውስጥ ይህ አደጋ ነው። ለፊዚክስ ተማሪ ግን ትልቅ ትምህርት አለው። ቀዝቃዛ ጠጣር አካል ከነበልባል ሙቀት ይወስዳል፤ የጋለ ጠጣር አካል ግን ገና ላልተቃጠለው ጋዝ ሙቀት ይሰጣል። ያው ቀዳዳ፣ እንደ ሙቀቱ መጠን፣ የእሳት ጠላትም ወዳጅም ሊሆን ይችላል።

ይህን ሐሳብ ወደ ሳይንሳዊ ቀመር ካደረሱት አንዱ በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ያስተማሩት ፕሮፌሰር ፌሊክስ ዋይንበርግ ናቸው። በልጅነታቸው ከናዚ ማጎሪያ ካምፖች በሕይወት የተረፉት እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1971 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ ከተቃጠለው ጋዝ የተወሰደ ሙቀት ገና ላልተቃጠለው ቢመለስ፣ ነዳጁ በጣም ከመሳሳቱ የተነሣ በተለመደው መንገድ እሳት የማይዘውን ድብልቅ እንኳ ማቃጠል እንደሚቻል አመለከቱ። እ.ኤ.አ. በ1979 ታኬኖና ሳቶ የተባሉ የጃፓን ተመራማሪዎች ደግሞ ይህንኑ ሙቀት የመመለስ ሥራ ቀዳዳማ ጠጣር አካል ሊያከናውነው እንደሚችል በስሌት አሳዩ። ጠጣሩ አካል ከነበልባሉ ሙቀት ይቀበላል፤ በማስተላለፍና በጨረር ወደ ኋላ ይልከዋል፤ የሚመጣው ቀዝቃዛ ጋዝም ቀዳዳው ውስጥ ሲገባ ሞቆ ይጠብቀዋል። ድብልቁ ስስ በመሆኑ የመጨረሻው የሙቀት መጠን ልክ ያለው ነው፤ ስለዚህ የናይትሮጅን ኦክሳይዱ ያንሳል። አየሩ በቂ በመሆኑ ጥላሸቱም ያንሳል።

ቀዳዳው ምን ያህል ይስፋ? እዚህ ላይ የፈረንሳዩን ፊዚሲስት የፔክሌን ቁጥር እንጠቀማለን። የነበልባሉን ፍጥነት በቀዳዳው ስፋት አባዝተን፣ ሙቀት በጋዙ ውስጥ ለሚሰራጭበት መጠን ብናካፍለው ይህን ቁጥር እናገኛለን። በኖቮሲቢርስክ የሚሠሩት ባብኪንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጥናት ቁጥሩ ከ65 በላይ ሲሆን ነበልባል በቀዳዳው ውስጥ ሊጓዝ እንደሚችል፣ ከዚያ በታች ግን እንደሚከስም አሳይተዋል። ስሌቱን አብረን እንሥራው። የሜቴንና የአየር ድብልቅ በተለመደው የአየር ግፊት የነበልባል ፍጥነቱ በሰከንድ 0.4 ሜትር ገደማ ነው። የሙቀት ሥርጭቱ መጠን በሰከንድ 0.00002 ካሬ ሜትር ያህል ነው። 65ን በ0.00002 አባዝተን ለ0.4 ስናካፍል 0.00325 ሜትር፣ ማለትም ከ3 ሚሊ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ስፋት እናገኛለን። በታመቀ ጋዝ ውስጥ ደግሞ የሙቀት ሥርጭቱ ስለሚቀንስ ነበልባሉ ከዚህ በጠበበ ቀዳዳም ሊያልፍ ይችላል።

ይህ ትንሽ ስሌት ትልቅ መዘዝ አለው። የቀዳዳው ስፋት በአንድና በሁለት ሚሊ ሜትር መለዋወጡ ነበልባሉ በመኖርና ባለመኖር መካከል ያለውን ልዩነት ያመጣል።

ለምን ሲሊከን ካርባይድ?

ዓይናማው አካል ከምን ይሠራ? ብረት ይቀልጣል ወይም ይዝጋል። የተለመደው ሸክላ ይሰነጠቃል። ሥራው የሚጠይቀው ቁስ እ.ኤ.አ. በ1891 በአጋጣሚ የተገኘ ነው። በፔንሲልቬንያ ይኖር የነበረው የቀድሞው የኤዲሰን ረዳት ኤድዋርድ አቼሰን የሸክላ አፈርና የኮክ ከሰል ዱቄት ቀላቅሎ በኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት አጋለ። በውጤቱ ብርጭቆ የሚቧጭሩ የሚያብረቀርቁ ክሪስታሎች አገኘ። የካርቦንና የኮረንደም ውሕድ ስለመሰለውም “ካርቦረንደም” ብሎ ሰየመው። ስሙ ስሕተት ቢሆንም ግኝቱ እውነተኛ ነበር። ቁሱ የሲሊከንና የካርቦን ውሕድ ነው። ዛሬም በብዛት የሚመረተው አሸዋንና ኮክን ከ2000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በማጋል ነው። አናጢው እንጨት የሚያለሰልስበት ጥቁር የብርጭቆ ወረቀት ላይ የተለጠፈው ብናኝ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

በሲሊከን ካርባይድ ክሪስታል ውስጥ እያንዳንዱ የሲሊከን አቶም በአራት የካርቦን አቶሞች፣ እያንዳንዱ የካርቦን አቶምም በአራት የሲሊከን አቶሞች ተከብቦ በጠንካራ ትስስር ይያዛል። ከዚህ ትስስር የሚመነጩት ባሕርያት ለሥራችን እንደታዘዙ ያህል ናቸው። በተለመደው የአየር ግፊት ከመቅለጥ ይልቅ ከ2700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይበታተናል። በአየር ውስጥ ሲግል ገጹ ላይ ስስ የሲሊካ ንብርብር ይሠራና ራሱን ከተጨማሪ ኦክስጅን ይከላከላል።

ከሁሉም የሚበልጠው የምጣዱን ችግር የሚፈታው ባሕርይው ነው። ምጣድ የሚሰነጠቀው የቀዘቀዘው ገጽ ሲኮማተር የጋለው ውስጡ ስለማይከተለው ነው። ስለዚህ ድንገተኛ የሙቀት ለውጥን ለመቋቋም ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ ሲሞቅ ብዙ የማይለጠጥ መሆንና ሙቀትን ፈጥኖ የሚያዳርስ መሆን። አንድ ሜትር የሲሊከን ካርባይድ ዘንግ በ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሞቅ የሚረዝመው ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በሌላው የታወቀ ሴራሚክ፣ በአሉሚና፣ ይህ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ቀዳዳ የሌለው ሲሊከን ካርባይድ በክፍል ሙቀት ከብዙ የአረብ ብረት ዓይነቶች በተሻለ ሁኔታ ሙቀት ያስተላልፋል። ክብደቱ ደግሞ የአረብ ብረትን ግማሽ እንኳ አይሞላም።

አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ሲሊከን ካርባይድ በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ የሚይዘው ሙቀት፣ ይህንኑ ያህል ቦታ የሚይዝ ተራ አየር ከሚይዘው ከሺሕ እጥፍ በላይ ነው። ጋዙ በየቅጽበቱ ገብቶ ይወጣል፤ ጠጣሩ ግን እንደ ምጣዱ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል።

ከስፖንጅ የተወለደ ሴራሚክ

ይሁን እንጂ የዚህ ቁስ በጎ ባሕርያት ሁሉ ለሠሪው ፈተና ናቸው። ስለማይቀልጥ በቅርጽ ማፍሰሻ አይፈስም። እጅግ ጠንካራ በመሆኑ ከተጋገረ በኋላ የሚቆርጠው አልማዝ ነው። ታዲያ በውስጡ በሺሕ የሚቆጠሩ ቀዳዳዎችን እንዴት እናበጅ?

የቆየው መፍትሔ ብልሃተኛና ቀላል ነው። ሽዋርትስዋልደርና ሶመርስ የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1963 የፈጠራ ባለቤትነት መብት ያገኙበት ዘዴ ተራውን ስፖንጅ ይጠቀማል። የሴራሚኩ ዱቄት በውሃና በማጣበቂያ ተበጥብጦ እንደ እንጀራ ሊጥ ይቀጥናል። ስፖንጁ በሊጡ ተነክሮ ይጨመቅና ይደርቃል። ከዚያም ምድጃ ውስጥ ሲገባ ስፖንጁ ተቃጥሎ ይጠፋል፤ በላዩ የተለበጠው ሴራሚክ ግን የስፖንጁን መልክ ይዞ ይቀራል።

ለዶክትሬት ትምህርት ባሕር ማዶ በነበርኩበት ጊዜ የመጀመሪያ ሥራዬ በእንዲህ ዓይነት የሴራሚክ ስፖንጅ ውስጥ የጋዝ ነበልባልን መለካት ነበር። ከአንድ ጥርብ የተቆረጡ ሁለት ናሙናዎች ተሰጡኝ። መጠናቸው፣ ክብደታቸው፣ በሠሪው የተጻፈባቸው የቀዳዳ ቁጥር ሁሉ አንድ ነበር። በአንደኛው ውስጥ ነበልባሉ ለሳምንታት ተረጋግቶ ቆየ። በሁለተኛው ግን በዚያው የጋዝ መጠንና ፍጥነት ነበልባሉ ወደ ኋላ ተመልሶ እየገባ ሥራውን ደጋግሜ እንዳቋርጥ አስገደደኝ። ለሁለት ወር ያህል የጋዝ መለኪያውን፣ ቱቦውን፣ በመጨረሻም ራሴን ጠረጠርኩ። ናሙናውን ቆርጬ በማይክሮስኮፕ ስመለከት ምክንያቱ ታየኝ። በአንድ በኩል ጥቂት ቀዳዳዎች በሊጥ ተደፍነዋል፤ በሌላ በኩል ግድግዳቸው ፈርሶ ሦስትና አራት ቀዳዳዎች አንድ ሰፊ ዋሻ ሆነዋል። የፔክሌ ቁጥር በአማካይ ትክክል ነበር። እሳቱ ግን አማካዩን አያውቅም፤ የሚያልፈው በሰፊው ቀዳዳ ነው። ከአንድ ቡሃቃ የተቀዳ ሊጥ በሁለት እንጀራ ላይ አንድ ዓይነት ዓይን እንደማያወጣ ከልጅነቴ ጀምሮ እያየሁ፣ ከሴራሚኩ ግን ይህን መጠበቄ በኋላ አሳቀኝ።

የስፖንጅ ዘዴ ሌላም ጉድለት አለው። ስፖንጁ ሲቃጠል የነበረበት ቦታ ባዶ ስለሚቀር ቀዳዳዎቹን የሚለያዩት ቀጫጭን ማገሮች ውስጣቸው ክፍት ይሆናል። የክፍተቱ ማዕዘኖች ስለታም ናቸው፤ ስንጥቅ የሚጀምረውም ከእነዚህ ማዕዘኖች ነው። ይህን ለማረም የቀለጠ ሲሊከን ወደ ክፍተቱ እንዲሰርጽ ይደረጋል። ሲሊከን በ1414 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥ ግን እንዲህ ያለው ሴራሚክ ከዚያ በታች ባለ ሙቀት እንዲሠራ ይገደዳል።

ንብርብር በንብርብር

የዘፈቀደውን ቀዳዳ በታሰበ ቀዳዳ የመተካት ዕድል የመጣው ከኅትመት ነው። ባለ ሦስት አውታር ኅትመት፣ ብዙዎች “ስሪ ዲ ፕሪንቲንግ” በሚል የሚያውቁት፣ አንድን ዕቃ በኮምፒውተር ከተሠራ ንድፍ ላይ በስስ ንብርብር እየደራረቡ መሥራት ነው። ለሲሊከን ካርባይድ በተለይ ሦስት መንገዶች ይጠቀሳሉ።

አንደኛው የዱቄትና የማጣበቂያ መንገድ ነው። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ኢማኑኤል ሳክስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1989 የፈጠራ ማመልከቻ ያቀረቡበትና በ1993 መብቱን ያገኙበት ዘዴ ነው። ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ የሚሆን የዱቄት ንብርብር ይነጠፋል። እንደ ወረቀት ማተሚያ ያለ ጭንቅላት በሚፈለገው ቦታ ብቻ የማጣበቂያ ጠብታ ይረጫል። ከዚያ ሌላ ንብርብር ይነጠፋል፤ ሥራው በመቶዎች ለሚቆጠሩ ንብርብሮች ይቀጥላል። በመጨረሻ ያልተጣበቀው ዱቄት ሲራገፍ ቅርጹ ይወጣል። ገና ጥሬ የሆነው ቅርጽ ካርቦን በሚሰጥ ሙጫ ተነክሮ ይጋላል፤ የቀለጠ ሲሊከንም ይሰርጽበታል። ሲሊከኑ ከካርቦኑ ጋር ተዋሕዶ ተጨማሪ ሲሊከን ካርባይድ ይፈጥራል። በዚህ ሂደት ዕቃው መጠኑን ብዙም አይለውጥም።

ሁለተኛው መንገድ የስፖንጁን ዘዴ ሳይጥል ስፖንጁን ራሱን ማተም ነው። በደቡብ ስዊዘርላንድ የተግባር ሳይንስና የሥነ ጥበብ ዩኒቨርሲቲ የፕሮፌሰር አልቤርቶ ኦርቶና ቡድን በዚህ ይታወቃል። ቀዳዳው፣ ማገሩና አቅጣጫው አስቀድሞ የተሰላ የፕላስቲክ ቅርጽ ይታተማል፤ በሲሊከን ካርባይድ ሊጥ ይለበጣል፤ ፕላስቲኩ ይቃጠላል፤ ሲሊከን ይሰርጽበታል።

ሦስተኛው በኬሚስትሪ ላይ የተመሠረተ ነው። ጃፓናዊው ሴይሺ ያጂማ እ.ኤ.አ. በ1975 ሲሊከንና ካርቦን ያለበት ፖሊመር ሲጋል ወደ ሲሊከን ካርባይድ ክር እንደሚለወጥ አሳይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በካሊፎርኒያ የሚገኘው የኤችአርኤል ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች የዚህ ዓይነቱን ፖሊመር በአልትራቫዮሌት ብርሃን እያጠነከሩ ውስብስብ ቅርጾችን አትመው፣ በ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወደ ሲሊከን ኦክሲካርባይድ ሴራሚክ ለውጠዋል። የሚከፈለው ዋጋ ግን አለ። ፖሊመሩ ጋዝ ሆኖ የሚያጣው ክፍል ስላለ ዕቃው በየአቅጣጫው 30 በመቶ ገደማ ይኮማተራል። ስለዚህ ንድፉ ከመነሻው ይህን አስቦ መሠራት አለበት።

አንድ ተማሪ “የሲሊከን ካርባይድ ዱቄትን በፖሊመር በጥብጠን በብርሃን ለምን አናጠነክረውም?” ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። በአሉሚና ይህ በሚገባ ይሠራል። የሲሊከን ካርባይድ ዱቄት ግን ጠቆር ያለ ነው፤ አልትራቫዮሌትን ይመጣል። በዚያ ላይ ብርሃን የመስበር መጠኑ 2.6 ገደማ በመሆኑ ብርሃኑን ይበትነዋል። በውጤቱ ብርሃኑ ጠልቆ አይገባም፤ ንብርብሩ ከላይ ጠንክሮ ከሥር ጥሬ ይቀራል። በኦፕቲክስ ትምህርት ክፍል የምንማረው ሕግ እዚህ የፋብሪካ ችግር ሆኖ ይመጣል።

የታሰበ ቀዳዳ ትልቁ ጥቅም መሰላት መቻሉ ነው። ሎርድ ኬልቪን እ.ኤ.አ. በ1887 ቦታን እኩል ይዘት ወዳላቸው ክፍሎች በትንሹ የግድግዳ ስፋት እንዴት እንደምንከፍል ጠይቆ 14 ገጾች ያሉት ቅርጽ አቅርቦ ነበር። ስምንቱ ገጾች ባለ ስድስት ጎን፣ ስድስቱ ባለ አራት ጎን ናቸው። ለብዙ ዘመን ይህ ቅርጽ የአረፋና የስፖንጅ የሒሳብ ምሳሌ ሆኖ በወረቀት ላይ ኖረ። ዛሬ ከሲሊከን ካርባይድ ታትሞ በእጅ ይያዛል። በመግቢያው በኩል ነበልባሉ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ጠባብ ቀዳዳ፣ በመሐል እሳቱ እንዲያድርበት ሰፊ ቀዳዳ፣ ጭነት በሚበዛበት ጎን ወፍራም ማገር ማድረግ ይቻላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሁለተኛው ናሙና የመጀመሪያውን ይመስላል።

ይህ ሲባል የታተመው ሁልጊዜ ይሻላል ማለት አይደለም። በሥርዓት የተደረደሩ ቀዳዳዎች በአንዳንድ አቅጣጫ ቀጥ ያለ መተላለፊያ ስለሚፈጥሩ ጋዙ ሳይቀላቀል ሾልኮ ሊያልፍ ይችላል። የተራው ስፖንጅ ጠመዝማዛነት በዚህ ረገድ በጎ ጎን ነበረው። ስለዚህ ንድፍ አውጪው ሕዋሳቱን ያዘነብላል፣ ያዞራል፤ የግፊት ብክነቱን ከቅልቅሉ ጥራት ጋር ያመዛዝናል።

ወደ ሞተሩ ስንመለስ

በጀርመን ኤርላንገን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ፍራንዝ ዱርስት እና ሚሮስላቭ ቬክላስ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጽሑፍ በቀዳዳማ አካል ውስጥ ቃጠሎ የሚካሄድበትን ሞተር ሐሳብ አቀረቡ። የሲሊከን ካርባይድ ቀዳዳማ አካል በአንድ ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ራስ ውስጥ ገብቶም ተሞከረ። ሐሳቡ እንዲህ ነው። ናፍጣው ወደ ባዶ አየር ሳይሆን ወደ ጋለው አካል ይረጫል። እያንዳንዱ ማገር ርጩን እየሰነጠቀ ወደ ብዙ ትናንሽ ርጮች ይከፋፍለዋል። ሰፊው የጋለ ገጽ ነዳጁን ፈጥኖ ያተናል። ቃጠሎውም በአንድ ነጥብ ሳይሆን በመላው አካል ውስጥ ባንድ ጊዜ ይካሄዳል። ጥላሸትና ናይትሮጅን ኦክሳይድ ባንድነት የሚቀንሱበት መንገድ ይህ ነው።

ታዲያ ለምን ዛሬ በመንገድ ላይ አናየውም? ምክንያቶቹን በሐቀኝነት መዘርዘር ይገባል። በደቂቃ 2000 ጊዜ የሚዞር ባለ አራት ምት ሞተር በሰዓት 60,000 ጊዜ ያቃጥላል። አካሉ በእያንዳንዱ ቃጠሎ የግፊትና የሙቀት ምት ይቀበላል። አንዲት ማገር ብትሰበር ስብርባሪዋ በሲሊንደሩ ግድግዳና በፒስተኑ መካከል ይገባል፤ ያ ስብርባሪ ደግሞ የብርጭቆ ወረቀት ብናኝ መሆኑን አንርሳ። ቃጠሎ ሁሉ የውሃ ተን ያወጣል፤ ይህ ተን በከፍተኛ ሙቀት ተከላካዩን የሲሊካ ንብርብር ወደ ጋዝ እየለወጠ ይሸረሽረዋል። ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ አካሉ ገና ቀዝቃዛ ነው፤ ቀዝቃዛ ቀዳዳ ደግሞ፣ ዴቪ እንዳስተማረን፣ ነበልባል ያጠፋል። በመጨረሻም ሙቀት አጠራቃሚነቱ የሚያስከትለው መዘግየት አለ። አሽከርካሪው ነዳጅ ሲረግጥም ሲለቅም አካሉ ወዲያው አይታዘዝም።

ከእነዚህ ችግሮች ውስጥ ኅትመት የሚያቃልላቸው አሉ። ማገሩ ውስጡ ድፍን ሲሆን፣ ማዕዘኑ ሲድበለበል፣ ጭነቱ አስቀድሞ ሲሰላ የመሰበር ዕድሉ ይቀንሳል። የውሃ ተኑንና የቀዝቃዛ ማለዳውን ችግር ግን ቅርጽ ብቻውን አይፈታውም፤ የገጽ ልባጥና የቁጥጥር ዘዴ ይጠይቃል። በአንጻሩ ጋዙ ሳይቋረጥ በሚፈስባቸው ማሞቂያዎችና የኢንዱስትሪ ምድጃዎች ውስጥ ቀዳዳማ ማቃጠያ ሥራ ላይ ውሏል። የሚቆራረጠው የሞተር ምት ነው ያልተገራው።

ሲሊከን ካርባይድ ግን በሌላ በር ወደ መኪናው ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 ፔጆ 607 ከጭስ ማውጫው ጋር የሲሊከን ካርባይድ ጥላሸት ማጣሪያ ይዞ ለገበያ ቀረበ። ማጣሪያው የማር እንጀራ ይመስላል። ቀጫጭን መተላለፊያዎቹ በተራ፣ አንዱ በመግቢያው፣ ቀጣዩ በመውጫው በኩል ተደፍነዋል። ስለዚህ ጭሱ የግድ በግድግዳው ውስጥ ባሉት ረቂቅ ቀዳዳዎች ያልፋል፤ ጥላሸቱ ይቀራል። የተጠራቀመው ጥላሸት በየጊዜው ይቃጠላል። ይህ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይጠይቃል፤ ወደ ነዳጁ የሚጨመር የሴሪየም ውሕድ ግን ወደ 450 ያወርደዋል። ማጣሪያው ከአንድ ጥርብ አልተሠራም። በቃጠሎው ጊዜ አንዱ ጎን ከሌላው ይበልጥ ስለሚሞቅ፣ ውጥረቱ እንዲላላ ከብዙ ትናንሽ ጥርቦች ተጣብቆ የተሠራ ነው። እዚህም የሴራሚኩን ዕድሜ የወሰነው ቁሱ ብቻ ሳይሆን ቅርጹ ነው።

ለተማሪው የሚቀር ነገር

እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ አገራችን በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኗ ይታወሳል። “ታዲያ ስለ ናፍጣ ቃጠሎ መመራመር ምን ይረባል?” የሚል ጥያቄ በክፍል ውስጥ ገጥሞኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም የጭነት መኪናው፣ የእርሻ ትራክተሩ፣ መብራት ሲጠፋ የሆስፒታሉን ክፍል የሚያበራው ጄኔሬተር በአንድ ጀምበር ከናፍጣ አይላቀቁም። በዙሪያቸው ያለው ሰው ደግሞ የሚተነፍሰው ዛሬ ነው። ከዚህም ሌላ፣ በታሰበ ቀዳዳ ሙቀትን፣ ጋዝንና ኬሚካዊ ለውጥን የመግራት ዕውቀት በሞተር አይወሰንም። የሙቀት መለዋወጫ፣ የፀሐይ ሙቀት መቀበያ፣ የኬሚካል ፋብሪካ ማቀላጠፊያ ሁሉ ያንኑ ፊዚክስ ይጠይቃሉ።

እኔን በሁለት ወር ድካም ያስተማረኝ ያ ሁለተኛው ናሙና ዛሬም ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ተማሪዎች ሲያነሡት መጀመሪያ የሚደነቁት በቅለቱ ነው። ከዚያ ወደ ብርሃን አቅንተው በቀዳዳዎቹ ያያሉ። በአንድ በኩል ብርሃኑ ያልፋል፤ በሌላ በኩል አያልፍም። አማካይ ቁጥር የሚደብቀውን ነገር ዓይን ያገኘዋል። በቤተ ሙከራ ውስጥ ልኬታችሁ አልገጥም ሲል መሣሪያውንና ራሳችሁን ከመጠርጠራችሁ በፊት ዕቃውን አንሥታችሁ ወደ ብርሃን አቅኑት።